ፋብሪካው መጣ፤ ኢንዱስትሪውስ?

በ1979 አንድ መቶ ሠላሳ ባንግላዴሻውያን ቡሳን ወደምትባለው የደቡብ ኮሪያ የወደብ ከተማ ሄዱ። (ዓመቶቹም ቀኖቹም ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ዴዉ የተባለው ኩባንያ እዚያ ግዙፍ የልብስ ፋብሪካ ነበረው፤ ስድስት ወር ሊሠለጥኑበት ነው። መስፋት ብቻ አልተማሩም። የስፌት መስመር እንዴት እንደሚደረደር፣ ጥራት የት ላይ እንደሚፈተሽ፣ ከውጭ ገዢ ጋር ምን ተብሎ እንደሚጻጻፉ፣ ማሽን ሲቆም ማን ምን እንደሚነካ አዩ። ከዚያ አገራቸው ገቡና ቺታጎንግ ውስጥ ዴሽ ጋርመንትስ በሚባል አዲስ ፋብሪካ ሸሚዝ መስፋት ጀመሩ።

ባንግላዴሽ ያኔ ነፃ ከወጣች ገና ስምንት ዓመቷ ነው። ወደ ውጭ የምትልከው በአብዛኛው ጁት ነበር፤ ጆንያ የሚሠራበት ቃጫ። ለውጭ ገበያ ልብስ መስፋት የሚያውቅ ሰው በጣት የሚቆጠር ነው።

ቀጥሎ የሆነው ነገር ማንኛውንም ቀጣሪ ራስ የሚያሳምም ነው። ጥቂት ዓመታት ሳይቆዩ ከ130ዎቹ 115ቱ ፋብሪካውን ጥለው ወጡ። አንዳንዱ የራሱን ፋብሪካ ከፈተ። ሌላው አዲስ የተከፈተ የሰው ፋብሪካ ሊመራ ሄደ። ሠልጣኝ ሌላ ሠልጣኝ እያፈራ ዳካና ቺታጎንግ በስፌት ቤት ተሞሉ። ዛሬ ባንግላዴሽ ወደ ውጭ ከምትልከው ዕቃ ከ80 በመቶ በላይ የሚሆነው ልብስ ነው።

ስለ ዓለም አቀፍ የአቅርቦት ሰንሰለት ሲወራ የሚቆጠረው ሌላ ነው። ስንት ፋብሪካ መጣ፣ ስንት ሰው ተቀጠረ፣ ስንት ዶላር ገባ። እነዚህ ቁጥሮች ዋጋ የላቸውም አልልም። ግን ሪባን ሲቆረጥ ባየሁ ቁጥር አንድ ጥያቄ ይመጣብኛል፦ ከዚህ ፋብሪካ ዕውቀት ይዞ የሚወጣ ሰው ይኖራል? ቢወጣስ በራሱ የሚጀምረው ነገር አለ? ፋብሪካና ኢንዱስትሪ አንድ አይደሉም። ፋብሪካ ከውጭ ተጭኖ ሊመጣ ይችላል። ኢንዱስትሪ ግን እዚያው የሚበቅል ነገር ነው።

ስድስት ዶላር ከሃምሳ ሳንቲም

ነገሩን ከሥሩ እንየው። ድሮ አንድ አገር መኪና ማምረት ከፈለገ ብረቱንም ሞተሩንም ጎማውንም መሥራት ነበረበት፤ ወይም ቢያንስ አብዛኛውን። ኮንቴነር የመርከብ ጭነትን ካረከሰ፣ ስልክና ኢንተርኔት ደግሞ ርቀትን ካሳጠሩ በኋላ ሥራው ተበጣጠሰ። ለአንድ ሸሚዝ ጥጡ ከአንድ አገር፣ ክሩ ከሌላ፣ ቁልፉ ከሦስተኛ ይመጣል፤ ስፌቱ አራተኛ አገር ላይ ይሆናል። ዲዛይኑ፣ ስሙና ማስታወቂያው ከሁሉም ርቆ ሌላ ቦታ ይሠራል።

ይህ ለድሃ አገር መልካም ዜና ነበር። ሙሉ ኢንዱስትሪ እስክትገነባ መጠበቅ የለብህም፤ አንዷን ቁራጭ ሥራ ይዘህ መግባት ትችላለህ። የዓለም ባንክ በ2020 ባወጣው የልማት ሪፖርቱ ከዓለም ንግድ ግማሽ ያህሉ በእንዲህ ዓይነት ሰንሰለት ውስጥ እንደሚያልፍ ጽፏል። ወደ ሰንሰለቱ የገቡ አገሮችም ገቢያቸው እንዳደገ ያሳያል። ይህን መካድ አይቻልም።

ጥያቄው የትኛዋን ቁራጭ ይዘህ ገባህ የሚለው ነው። በ2010 የወጣ አንድ ጥናት በወቅቱ የነበረውን አይፎን ፈታቶ ዋጋውን ሠርቶ ነበር። ስልኩን ለማምረት የሚወጣው ጠቅላላ ወጪ 178 ዶላር ከ96 ሳንቲም ነው። ከዚህ ውስጥ ቻይና ውስጥ ለተካሄደው መገጣጠም የተከፈለው 6 ዶላር ከ50 ሳንቲም ብቻ። አራት በመቶ አይሞላም። ቀሪው ክፍሎቹን ለሠሩት ለጃፓን፣ ለጀርመን፣ ለደቡብ ኮሪያና ለአሜሪካ ኩባንያዎች ነው። የአፕል ትርፍ ደግሞ ከዚህ ሁሉ ላይ የሚጨመር ነው። በንግድ መዝገብ ላይ ግን ስልኩ በሙሉ ዋጋው ከቻይና እንደተላከ ይጻፋል።

የኮምፒውተር አምራቹ የኤሰር ኩባንያ መሥራች የሆነው ታይዋናዊ ስታን ሺ ይህንን በ1992 በአንድ ሥዕል አስቀምጦታል። ሥዕሉ የፈገግታ ቅርጽ አለው። በግራ ጫፍ ምርምርና ዲዛይን፣ በቀኝ ጫፍ ብራንድና ሽያጭ ከፍ ብለው ይቆማሉ፤ ገንዘቡ ያለው እዚያ ነው። መሃል ላይ፣ ከንፈሩ ወደ ታች በሚጎብጥበት ቦታ፣ መገጣጠም ተቀምጧል። ድሃ አገሮች የሚገቡት በዚያ ጎባጣ በኩል ነው።

እርግጥ ቻይና እዚያ አልቀረችም። ዛሬ የስልኩን ብዙ ክፍሎች ራሷ ትሠራለች፤ የራሷ የስልክ ብራንዶችም አሏት። ስለዚህ ከታች መግባት በራሱ እርግማን አይደለም። ችግሩ ከታች ገብቶ ሃምሳ ዓመት እዚያው መቆየት ነው።

ካርቶኑ ሳይቀር ከውጭ

ሜክሲኮ በ1965 ከአሜሪካ ጋር በሚያዋስናት ድንበር ላይ ማኪላዶራ የሚባሉትን ፋብሪካዎች መፍቀድ ጀመረች። አሠራሩ ቀላል ነው። ዕቃው ከአሜሪካ ያለቀረጥ ይገባል፣ ይገጣጠማል፣ ተመልሶ ይወጣል። በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሰው ሥራ አገኘ። የድንበር ከተሞቹ ሲዩዳድ ኹዋሬዝና ቲኋና አበጡ። ሆኖም እነዚህ ፋብሪካዎች ከሚጠቀሙበት ግብዓት ከሜክሲኮ የሚገዙት ለአሥርት ዓመታት ከ5 በመቶ በታች ነበር።

ለምን? ብዙ ሰው የአገር ውስጥ አምራች ጥራት ስለሌለው ነው ይላል። ግማሹ እውነት ነው። ሌላው ግማሽ ግን ብዙም አይወራም።

አንደኛ፣ ምርጫው የፋብሪካው አይደለም። ትልቁ ገዢ ጨርቁን ከማን፣ ዚፑን ከማን፣ ቁልፉን ከማን እንደምትገዛ ስም ጠቅሶ ይሰጥሃል። ቀለሙ በአሥር አገር አንድ ዓይነት እንዲሆንለት ስለሚፈልግ ነው። በግቢው አጥር ማዶ ቁልፍ የሚሠራ ጎበዝ ሰው ቢኖር እንኳ የስፌት ፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ የመግዛት ሥልጣን የለውም። ያን የቁልፍ አምራች ዝርዝሩ ውስጥ ማስገባት የሚችለው ሰው ያለው ኒው ዮርክ ወይም ሆንግ ኮንግ ቢሮ ውስጥ ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ ግብር ነው፤ እኔን በጣም የሚገርመኝም ይኸው ነው። የኢንዱስትሪ ዞን ውስጥ ያለ የውጭ ፋብሪካ ካርቶን ከውጭ ያለቀረጥ ያስገባል። ከአጥሩ ውጭ ያለው የአገር ውስጥ ካርቶን አምራች ደግሞ ለወረቀቱ ቀረጥ ከፍሎ፣ ለማጣበቂያው ከፍሎ፣ ለመለዋወጫው ከፍሎ ነው የሚያመርተው። የከፈለውን ተመላሽ ይጠይቅ ቢባል ወረቀቱ ከአንድ ቢሮ ወደ ሌላው ሲንከባለል ወራት ያልፋሉ። ታዲያ እንዴት ይወዳደር? መንግሥት በአንድ እጁ ትስስር ፍጠሩ እያለ በሌላ እጁ የራሱን ሰው ከጨዋታ ያስወጣል። ይህ በብዙ አገር የተደጋገመ ስህተት ነው።

ሦስተኛው መጠን ነው። ሳምሰንግ ቬትናም ባክ ኒን ውስጥ ስልክ ማምረት የጀመረው በ2009 ነው። ዛሬ ከዓለም የሳምሰንግ ስልኮች ግማሽ ያህሉ የሚሠሩት ቬትናም ነው። መጀመሪያ ላይ ግን ከአገሬው ኩባንያዎች በቀጥታ የሚያቀርቡለት በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ፤ እነሱም በአብዛኛው ማሸጊያና ኅትመት ነው። ቬትናም ውስጥ «ብሎን እንኳ መሥራት አቃተን ወይ?» የሚል ክርክር ተነስቶ ብዙ ተጽፏል። እንደ እውነቱ ብሎን መሥራት አያቅትም። የሚያቅተው በሚሊዮን የሚቆጠር ብሎን በፀጉር ስንጥቅ ልክ ሳይዛነፍ፣ በየሳምንቱ፣ ቻይና ውስጥ ላለው አምራች በሚከፈለው ዋጋ ማቅረብ ነው። ለዚያ የሚሆን ማሽን ለመግዛት የባንክ ብድር ያስፈልጋል። ባንኩ ደግሞ የሽያጭ ውል አምጣ ይላል። ሳምሰንግ መጀመሪያ ማሽኑን አሳየኝ ይላል። ሰውየው መሃል ላይ ይቀራል።

ሰንሰለቱ ሲያስተምር

ይህ ሁሉ ሲባል ሰንሰለቱ አያስተምርም ማለት አይደለም። ያስተምራል፤ አንዳንዴም በሚገርም ፍጥነት።

ግብፅ ውስጥ፣ የናይል ደለል ላይ፣ ፉዋ የምትባል የምንጣፍ ሸማኔዎች ከተማ አለች። ተመራማሪዎች ከአንድ ደላላ ድርጅት ጋር ሆነው ከሀብታም አገሮች ለሚመጣ የምንጣፍ ትዕዛዝ ሸማኔዎችን በዕጣ መረጡ። ዕጣ የወጣለት ለውጭ ገዢ ሠራ፤ ያልወጣለት እንደ ድሮው ቀጠለ። ለውጭ የሠሩት ትርፋቸው ከ16 እስከ 26 በመቶ አደገ። ዋናው ነገር ግን ይህ አይደለም። በኋላ ሁሉንም ሰብስበው በአንድ ዓይነት የሽመና ዕቃ፣ በአንድ ዓይነት ክር አንድ ዓይነት ምንጣፍ አሠሯቸው። ለውጭ ገዢ የሠሩት የሸመኑት በግልጽ የተሻለ ሆነ። ጠርዙ ቀጥ ያለ፣ ድሩ የተጠጋጋ። እንዴት ተማሩ? ደላላው ምንጣፍ ባስረከቡ ቁጥር «እዚህ ጋ ሰፍቷል፣ እዚህ ጋ ተጣምሟል» ይላቸው ነበር። አስተያየት በተሰጠበት በዚያው ነገር ላይ ነው የተሻሻሉት። ኮርስ የለም፣ ሰርተፍኬት የለም። ጠንቃቃ ገዢና ተደጋጋሚ ትዕዛዝ ብቻ።

ዕውቀት ግን በራሱ አይፈስም፤ አንዳንዴ የሚዘጋው ፋብሪካው ውስጥ ነው። የፓኪስታኗ ሲያልኮት የእግር ኳስ ከተማ ናት፤ በዓለም ላይ በእጅ ከሚሰፉ ኳሶች አብዛኛዎቹ ከዚያ ይወጣሉ። የኳሱ ቁርጥራጮች ከሰው ሠራሽ ቆዳ ላይ በብረት ቅርጽ እየተመቱ ይቆረጣሉ። ተመራማሪዎች ከአንዱ ቆዳ ተጨማሪ ቁርጥራጭ የሚያስገኝ አዲስ የብረት ቅርጽ ሠሩ። ቆዳ ይቆጥባል፣ ወጪው ኢምንት ነው። ለ35 ፋብሪካዎች በነፃ አደሉ። ከዓመት በላይ ቆይቶ ሲታይ የሚጠቀሙበት በጣም ጥቂቶች ነበሩ።

ምክንያቱ ሲጣራ ቀላል ሆኖ ተገኘ። ቆራጩ የሚከፈለው በቁርጥራጭ ቁጥር ነው። አዲሱ ቅርጽ እጁን እስኪለምደው ድረስ ያዘገየዋል፤ የሚቆጠበው ቆዳ ደግሞ የባለቤቱ ነው። ስለዚህ ለባለቤቱ «ይሄ ነገር አይሠራም» ይለዋል። ባለቤቱም ያምነዋል። ተመራማሪዎቹ አሠራሩን መቻሉን ላሳየ ቆራጭ የአንድ ወር ደመወዝ ያህል ጉርሻ ሲሰጡ የተቀበሉት ፋብሪካዎች ቁጥር ከፍ አለ። አንድ ወር ደመወዝ! ስለ ቴክኖሎጂ ሽግግር በትልልቅ አዳራሾች ስንት ይባላል፤ ሲያልኮት ላይ ነገሩ የቆመው በቆራጩ ኪስ ላይ ነበር።

እስከዚህ ተማር፤ ከዚህ አትለፍ

ገዢ የሚያስተምርበት ልክ አለው። ደቡብ ብራዚል ውስጥ ሲኖስ ሸለቆ የሚባል የጫማ አካባቢ አለ፤ ማዕከሉ ኖቮ ሃምቡርጎ ነው። ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የአሜሪካ ገዢዎች መጥተው ትዕዛዝ አፈሰሱበት። ትንንሾቹ ጫማ ሰፊዎች ትልልቅ ፋብሪካ ሆኑ። ገዢዎቹ ጥራትም ፍጥነትም የማምረቻ አደረጃጀትም አስተማሩ። ዲዛይንና ሽያጭ ግን ለራሳቸው ያዙ። የሲኖስ ፋብሪካ ሞዴሉ ይሰጠዋል፣ ይሠራል፣ ይልካል።

በ1990ዎቹ መጀመሪያ ቻይና በርካሽ ዋጋ ስትመጣ እነዚያው ገዢዎች ትዕዛዙን ወደ ደቡብ ቻይናዋ ዶንግጓን ይዘው ሄዱ። ብራዚላውያን የጫማ ቴክኒሻኖችም ሥራውን ተከትለው እዚያ ሄዱ። በሸለቆው ውስጥ በጋራ ብራንድ እንፍጠር፣ ዲዛይን እንጀምር የሚል ሐሳብ ቀርቦ ነበር። ዳር ያልደረሰበት አንዱ ምክንያት ትልልቆቹ ላኪዎች ከገዢዎቻቸው ጋር መጋጨት ስላልፈለጉ ነው። ሥራው ሁሉ ከአንድ ወይም ከሁለት ደንበኛ እየመጣ «የራሴን ልሸጥ ነው» ማለት ከባድ ነው። እኔ አልፈርድባቸውም። ደመወዝ የሚጠብቅ ሠራተኛ ያለው ሰው የሚያደርገውን ነው ያደረጉት።

ከዚህ ጋር ታይዋን የነበረውን ሌላ ኩባንያ እናስተያየው። ጃይንት በ1972 የተቋቋመ የብስክሌት አምራች ነው። ሽዊን ለተባለው ታዋቂ የአሜሪካ ብራንድ ብስክሌት ይሠራ ነበር። ሽዊን ብዙ አስተማረው፤ ቀስ በቀስም ከሚሸጣቸው ብስክሌቶች አብዛኞቹ የጃይንት ሥራ ሆኑ። ጃይንት ግን ያን ሁሉ ጊዜ አንገቱን ደፍቶ አልተቀመጠም። በ1981 ጥግ ላይ ሆኖ የራሱን ስም የያዘ ብስክሌት መሸጥ ጀመረ። በ1987 ሽዊን ርካሽ አምራች ፍለጋ ሼንዘን ካለ ኩባንያ ጋር ውል ሲያስር ጃይንት የሚወድቅበት አልጋ አዘጋጅቶ ነበር። ሽዊን በ1992 ከሰረ። ጃይንት ዛሬ ከዓለም ትልልቅ የብስክሌት አምራቾች አንዱ ነው።

በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የማምረት ችሎታ አይደለም፤ የሲኖስ ጫማ ሰፊዎችም ጎበዞች ነበሩ። ልዩነቱ ከገዢው ጀርባ ካለው ገዢ፣ ማለትም ከሱቁና ከመጨረሻው ተጠቃሚ ጋር መተዋወቅ አለመተዋወቃቸው ነው።

ሸክሙ ወዴት ይወርዳል?

ከሰንሰለቱ ታች ያለ ፋብሪካ ለምን ገንዘብ አጠራቅሞ ወደ ላይ መውጣት ያቅተዋል? ክፍያው እንዴት እንደሚሄድ ብቻ ማየት ይበቃል። ፋብሪካው ጨርቁን በራሱ ወይም በብድር ይገዛል፣ ደመወዝ ይከፍላል፣ ልብሱን ይልካል። ገዢው የሚከፍለው ዕቃው ከተጫነ ከ60 ወይም ከ90 ቀን በኋላ ነው። ባጭሩ ድሃው ለሀብታሙ እያበደረ ነው።

በ2020 መጋቢት ኮቪድ ሱቆችን ሲዘጋ ይህ በግልጽ ታየ። ከባንግላዴሽ ብቻ ከ3 ቢሊዮን ዶላር በላይ የሚገመት ትዕዛዝ ተሰረዘ ወይም ተንጠልጥሎ ቀረ። ከተሰረዘው ውስጥ ተሰፍቶ ካርቶን ውስጥ የገባ ልብስም ነበር። በኋላ ጫጫታው ሲበዛ ብዙዎቹ ገዢዎች ለመክፈል ተስማሙ። ሠራተኛው ግን ደመወዙን ያጣው በዚያው ሳምንት ነው።

ከዚያ በፊት ደግሞ ራና ፕላዛ አለ። ሚያዝያ 24 ቀን 2013 ዳካ አጠገብ አምስት የልብስ ፋብሪካዎች የነበሩበት ባለ ስምንት ፎቅ ሕንፃ ተደርምሶ 1,134 ሰዎች ሞቱ። ከአንድ ቀን በፊት ግድግዳው መሰንጠቁ ታይቶ ነበር። በሕንፃው ውስጥ የነበሩት ባንክና ሱቆች ተዘጉ፤ የስፌት ሠራተኞቹ ግን ግቡ ተባሉ። ትዕዛዙ የሚደርስበት ቀን አለ፤ ከዘገየ ቅጣት አለ፣ ወይም በአውሮፕላን በራስህ ወጪ ላክ ይባላል። ይህ ለባለቤቶቹ ምክንያት አይሆንም። ጫናው ከየት ተነስቶ የት እንደሚያርፍ ግን ያሳያል።

ስለ ክር የተጻፈች አንቀጽ

የድሃ አገር ፋብሪካ የት እንደሚተከል የሚወስነው የጉልበት ዋጋ ብቻ ይመስለናል። የሩቅ ሰዎች የጻፏት አንዲት የሕግ አንቀጽ ከዚያ የበለጠ ልትወስን ትችላለች። መጀመሪያውንም ዴዉ ባንግላዴሽን ያየው ለጽድቅ አልነበረም። ከ1974 ጀምሮ ሀብታም አገሮች ከእያንዳንዱ አገር የሚገባውን ልብስ በኮታ ገድበው ነበር። የኮሪያ ኮታ ሞልቷል፤ የባንግላዴሽ ባዶ ነው። ኮታው እስከ 2004 መጨረሻ ዘለቀ።

ባንግላዴሽ ደግሞ ለራሷ ሁለት ነገር ጨመረች። አንዱ፣ ላኪው ከውጭ የሚያስገባውን ጨርቅ ቀረጥ ሳይከፍል መጋዘን እንዲያኖር ፈቀደች። ሌላው የባንክ ዘዴ ነው። ገዢው ለሸሚዙ ኤልሲ (ባንክ የሚሰጠው የክፍያ ዋስትና) ከከፈተ ባንኩ ያንኑ ይዞ ለጨርቁ ሁለተኛ ኤልሲ ይከፍታል። ስለዚህ ገንዘብ የሌለው ሰው፣ ሥራውን ካወቀና ገዢ ካለው፣ ፋብሪካ ማንቀሳቀስ ቻለ። ከዴሽ የወጡት ሰዎች በአብዛኛው ባለ ሀብት አልነበሩም። ይህ በር ባይኖር ዕውቀታቸውን ይዘው ተቀጣሪ ሆነው በቀሩ ነበር።

አውሮፓ ለድሃ አገሮች ቀረጥ ስታነሳ ለዓመታት አንድ ቅድመ ሁኔታ አስቀምጣ ነበር፦ ስፌቱ ብቻ አይበቃም፤ ጨርቁም እዚያው አገር ይሠራ። ይህ ይከብዳል። ግን ለቲሸርትና ለሹራብ የሚሆነውን ሹራብ ጨርቅ ማምረት ከሽመናው ጨርቅ ያነሰ ካፒታል ይጠይቃል። ባንግላዴሻውያን እዚያ ላይ ገቡ፤ ከዚያም ወደ ክር ፈተላ ወረዱ። ዛሬ ለቲሸርቶቻቸው የሚሆነው ክር በአብዛኛው የአገር ውስጥ ነው። የሽመና ጨርቅ ግን እስካሁን በብዛት ከውጭ ይገባል።

አሜሪካ በ2000 ለአፍሪካ ያወጣችው ከቀረጥ ነፃ የመላኪያ ሕግ፣ አጎዋ፣ ደግሞ በተቃራኒው ጨርቁን ከየትም አምጡ አለ። ደግ ሕግ ነው፤ ሥራ ቶሎ ፈጠረ። ሌሶቶ በአሥር ሺዎች ለሚቆጠሩ ሰዎች፣ ያውም በአብዛኛው ለሴቶች፣ የስፌት ሥራ አገኘች። ጨርቅ የሚሠራ ፋብሪካ ግን ለምን ይምጣ? ዋና ከተማዋ ማሴሩ ውስጥ በ2004 አካባቢ አንድ የጂንስ ጨርቅ ፋብሪካ ተተክሏል። ያኔ የጨርቅ ፈቃዱ ያበቃል ተብሎ ይጠበቅ ነበር። ፈቃዱ ተራዘመ፤ ለዚያ ፋብሪካ ተከታይ አልመጣም። እኔ ቅድመ ሁኔታው ሁልጊዜ ይጠቅማል አልልም፤ ጨርቅ መሥራት ለማይችል ትንሽ አገር በሩን ጭራሽ ሊዘጋበት ይችላል። ግን ቀላሉ መንገድም የሚያስከፍለው ነገር አለ።

መንግሥታት ራሳቸው «ይህን ያህሉን ከእኛ ግዙ» ብለው ማስገደድ አይችሉም ወይ? ደቡብ ኮሪያና ታይዋን በጊዜያቸው አድርገውታል። ከ1995 ወዲህ ግን የዓለም ንግድ ድርጅት ሕግ ይህን ለአባላቱ በአብዛኛው ከልክሏል። የወጡበትን መሰላል ከኋላ መግፋት የሚባለው ነው። ኢንዶኔዢያ ግን ሌላ ዓይነት ማስገደጃ ሞከረች። በ2020 ጥሬ ኒኬል ወደ ውጭ እንዳይወጣ ከለከለች። አውሮፓ ኅብረት ከሰሳት፤ በ2022 ተፈረደባት፤ ይግባኝ አለች። ይግባኝ ሰሚው አካል ዳኛ ስለሌለው ጉዳዩ እዚያው ተኝቷል። በዚህ መሃል ማቅለጫዎቹ መጡ፤ ሱላዌሲ በምትባለው ደሴት ላይ ያለው ሞሮዋሊ የሚባል ግዙፍ ኢንዱስትሪ ፓርክ ተስፋፋ። የኒኬል ምርት የወጪ ንግድ ገቢም በብዙ እጥፍ ጨመረ። ግን ካፒታሉ በአብዛኛው የቻይና ነው፣ ኃይሉ የድንጋይ ከሰል ነው፤ በታኅሣሥ 2023 ፓርኩ ውስጥ በደረሰ ፍንዳታ 21 ሠራተኞች ሞተዋል። ደግሞም ኢንዶኔዢያ ይህን ማድረግ የቻለችው ከዓለም ኒኬል ከግማሽ በላይ ስለምታወጣ ነው። ሸሚዝ የሚሰፋ አገር «አልሰፋም» ቢል ገዢው ጎረቤቱ ዘንድ ይሄዳል።

ገዢው ሲሄድ

ስለዚህ አንድን አገር ለመመዘን እኔ የምወደው ፈተና ይህ ነው፦ ገዢው ነገ ቢሄድ ምን ይቀራል?

ኢንቴል ኮስታ ሪካ የገባው በ1997 ነው። በ2014 የመገጣጠምና የፍተሻ ሥራውን ወደ እስያ ወሰደ፤ 1,500 ሰዎች ሥራ አጡ። አገሪቱ ደነገጠች እንጂ አልወደቀችም። በነዚያ ዓመታት ዩኒቨርሲቲዎቹ የምህንድስና ትምህርታቸውን አስፍተው ነበር፣ ከፋብሪካው የወጡ መሐንዲሶች ነበሩ፣ የኢንቴል የምህንድስና ማዕከልም እዚያው ቀረ። የሕክምና መሣሪያ የሚሠሩ ኩባንያዎች እነዚህን ሰዎች ብለው መጡ፤ ዛሬ የኮስታ ሪካ ቀዳሚ የወጪ ንግድ ይኸው ሆኗል። የማሌዢያዋ ፔናንግ ደግሞ ከዚህም ቀድማለች። በ1972 ነፃ የንግድ ቀጠናዋን ከፍታ ኢንቴልንና ሌሎችን ተቀበለች። በ1989 የክልሉ መንግሥትና ፋብሪካዎቹ በጋራ የሙያ ማሠልጠኛ አቋቋሙ። ለውጭ ፋብሪካዎች መለዋወጫ ሲቀርጹ የነበሩ ትንንሽ ጋራዦች ከጊዜ በኋላ ማሽን ሠርተው የሚልኩ ኩባንያዎች ሆኑ።

ማዳጋስካርም ተፈትናለች። በ2009 ከተካሄደው መፈንቅለ መንግሥት በኋላ በ2010 መጀመሪያ አጎዋን አጣች፤ በ2014 ተመለሰላት። (ኢትዮጵያም ከጥር 2022 ጀምሮ ይኸው ደርሶባታል።) በማዳጋስካር ለአሜሪካ ብቻ ይሰፉ ከነበሩት የእስያ ባለቤቶች ብዙዎቹ ዘግተው ሄዱ። እዚያው የሚኖሩ ፈረንሳይኛ ተናጋሪ ባለቤቶችና የሞሪሸስ ኩባንያዎች ግን በአብዛኛው ቆዩ። አውሮፓና ደቡብ አፍሪካ የሚያውቋቸው ደንበኞች ነበሯቸው፤ ስልክ ደውለው ሌላ ሥራ አገኙ።

ሚያዝያ 2 ቀን 2025 ደግሞ ተራው የሌሶቶ ነበር። ዶናልድ ትራምፕ በዕቃዎቿ ላይ 50 በመቶ ቀረጥ እጥላለሁ አሉ፤ በዚያ ቀን ከተጠሩት አገሮች ሁሉ ከፍተኛው። በኋላ ወደ 15 በመቶ ወረደ። በመካከሉ ባሉት ወራት ግን ገዢዎች ትዕዛዝ ያዙ፣ የስፌት መስመሮች ቆሙ፣ መንግሥት በሐምሌ በሥራ አጥነት ምክንያት ብሔራዊ የአደጋ ጊዜ አወጀ። ማሴሩ ውስጥ ሃያ አምስት ዓመት ሙሉ ጂንስ ተሰፍቷል። ኪሱን ዓይኗን ጨፍና የምትሰፋ ሴት ሞልታለች። ገዢን የሚያነጋግረው፣ ዋጋ የሚደራደረው፣ ጨርቅ የሚያዝዘው ክፍል ግን በአብዛኛው ያለው ባለቤቶቹ ዘንድ፣ ታይዋን ነው። ትዕዛዙ ሲቆም ስልኩን አንስቶ «ሌላ ሥራ አላችሁ?» ብሎ የሚጠይቀው ሰው የተቀመጠው እዚያ ነበር።